ኮምፖነንት ተኮር ፍሬምዎርክ እንዴት ይነደፋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በሪአክት፣ በስፕሪንግ፣ በአንድሮይድና በመሳሰሉት ፍሬምዎርኮች ለሚሠሩ ዲቨሎፐሮች የተዘጋጀ ነው። የራሳችሁን ፍሬምዎርክ የመጻፍ ሐሳብ ባይኖራችሁም ይጠቅማችኋል። ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኮምፖነንት የሚባለው ምንድን ነው? ክላስና ፋንክሽን እያሉ ሌላ ስም ለምን አስፈለገ?

ኮምፖነንት ለብቻው ተሠርቶ፣ ለብቻው ተፈትኖ፣ ከዚያ ከሌሎች ጋር የሚገጣጠም የሶፍትዌር ክፍል ነው። ውስጡ አንድ ክላስ ሊሆን ይችላል፤ ሃምሳም ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር የሠራው ሰው አጠገባችሁ ሳይኖር፣ ኮዱንም ሳትከፍቱ ልትጠቀሙበት መቻላችሁ ነው።

እያንዳንዱ ኮምፖነንት ሁለት ፊት አለው። አንዱ የሚሰጠው ነው፤ ሌላው የሚፈልገው። የሚሰጠውን ሁሉም ሰው ያስብበታል። ዶክመንቴሽኑም የሚያወራው ስለ እሱ ነው። የሚፈልገው ግን ብዙ ጊዜ ተድበስብሶ ያልፋል። ዳታቤዝ ይፈልጋል? ኢንተርኔት ይፈልጋል? ሰርቨሩ በአዲስ አበባ ሰዓት መሞላቱን ይጠብቃል? እነዚህ ሳይነገሩ ሲቀሩ ነው ፕሮጀክት የሚቆላለፈው።

ዴቪድ ፓርናስ በ1972 ባወጣው ጽሑፍ ሥርዓትን ስንከፋፍል እያንዳንዱ ክፍል ነገ ሊለወጥ የሚችል አንድ ውሳኔ በውስጡ እንዲሰውር መከረ። ምክሩ እስከ ዛሬ ይሠራል። ግን የሚሰወረው ውሳኔው ነው። ፍላጎቱ በግልጽ መታየት አለበት። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ከዚህ ልዩነት የሚነሱ ናቸው።

ሐሳቡ አዲስ ነው?

አይደለም። በ1968 ጀርመን ውስጥ ጋርሚሽ ላይ ኔቶ ባዘጋጀው የሶፍትዌር ምህንድስና ጉባኤ የቤል ላብስ ባልደረባ የነበረው ዳግላስ ማክኢልሮይ ጉዳዩን በግልጽ አነሳው። የሃርድዌር ባለሙያዎች ዝግጁ ክፍል ከካታሎግ መርጠው ይገጥማሉ፤ ሶፍትዌር ጻፊዎች ግን ሁሉን ነገር ደጋግመው ከባዶ ይጽፋሉ፤ ይህ ለምን ይሆናል የሚል ነበር ክርክሩ። ለምሳሌ የወሰደው ሳይን የሚያሰላ ፋንክሽንን ነው። አንድ ሳይን ሳይሆን በትክክለኛነቱ፣ በፍጥነቱና ስህተትን በሚይዝበት መንገድ የተለያየ የሳይን ቤተሰብ መኖር አለበት፤ ተጠቃሚውም ለማያስፈልገው ነገር መክፈል የለበትም አለ።

ዩኒክስ ውስጥ ፓይፕ እንዲገባ የወተወተውም ይኸው ሰው ነው። ኬን ቶምሰን በ1973 ሠራው። ፓይፕ እስካሁን ከተሠሩት የመገጣጠሚያ ዘዴዎች ሁሉ በጣም ከተሳካላቸው አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንዱ ፕሮግራም ጽሑፍ ያወጣል፤ ሌላው ያንን ይቀበላል። የሚፈልገው ይህን ብቻ ስለሆነ የሃምሳ ዓመት ዕድሜ ያለው ትእዛዝ ዛሬ ከተጻፈው ጋር ያለ ምንም ጣጣ ይገጥማል።

ላይብረሪና ፍሬምዎርክ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ማን ማንን ይጠራል ነው ነገሩ። ላይብረሪን የእናንተ ኮድ ይጠራዋል። ፍሬምዎርክ ሲሆን ደግሞ እሱ ነው የእናንተን ኮድ የሚጠራው። ዋናው ዑደት፣ ክሊክ መጠበቁ፣ ጥያቄ መቀበሉ የፍሬምዎርኩ ነው። እናንተ እሱ በሰጣችሁ ቦታ ላይ ኮዳችሁን ታስቀምጣላችሁ።

ስለዚህ ፍሬምዎርክ የሚነድፍ ሰው ከባድ ኃላፊነት አለበት። መቼ እንደሚጠራችሁ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በየትኛው ትሬድ፣ ስህተት ሲፈጠር ምን እንደሚያደርግ ቃል መግባት አለበት። እነዚህን በግልጽ ያልጻፈ ፍሬምዎርክ ተጠቃሚውን ለግምት ይዳርገዋል። ግምቱ ደግሞ ቀስ በቀስ ኮድ ውስጥ ይገባል።

ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ለምን ይህን ያህል ይወራለታል?

አንድ የደረሰኝ ኮምፖነንት እናስብ። ደንበኛ ሲከፍል ቁጥር ይሰጣል፣ ቀን ይጽፋል፣ ዳታቤዝ ላይ ያስቀምጣል፣ ኤስኤምኤስ ይልካል። በተለመደው አጻጻፍ ኮዱ መሃል ላይ ሰዓቱን ከኮምፒውተሩ ይወስዳል። የዳታቤዙን አድራሻ ከኮንፊገሬሽን ፋይል ያነባል። ኤስኤምኤስ ላኪውንም ራሱ ይፈጥራል። ከውጭ ስታዩት ኮንስትራክተሩ ባዶ ነው፤ ምንም የማይፈልግ ይመስላል። ቴስት ልትጽፉለት ስትሞክሩ ነው ጉዱ የሚወጣው። ለሙከራ ስትጠሩት እውነተኛ መልእክት እውነተኛ ሰው ስልክ ላይ ይደርሳል።

እንዲህ ያለ ኮምፖነንት ሳይጠይቅ ጓዳ ገብቶ ዕቃ የሚያነሳ እንግዳ ነው። የፈለገውን ያገኛል፤ ባለቤቱ ግን ምን እንደተነሳ አያውቅም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኮምፖነንቱ ሰዓት፣ ማስቀመጫና መልእክት ላኪ እንደሚፈልግ ኮንስትራክተሩ ላይ ይናገር። ሌላ አካል ያቀብለው። በእውነተኛው ሥራ ላይ እውነተኛው ይሰጠዋል። በቴስት ጊዜ የተባለውን መልእክት ዝርዝር ላይ የሚመዘግብ ብቻ፣ ምንም የማይልክ ይሰጠዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። የጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ለመሞከር ጳጉሜን መጠበቅ አያስፈልግም።

ማርቲን ፋውለር በጥር 2004 ባወጣው ጽሑፍ ለዚህ አሠራር ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን የሚለውን የዛሬ መጠሪያውን ሰጠው። ስፕሪንግ 1.0 የወጣው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። ስፕሪንግ ያን ያህል የተወደደበት አንዱ ምክንያት ኮምፖነንቱ ስለ ስፕሪንግ ምንም ሳያውቅ መሥራት መቻሉ ነበር። ተራ የጃቫ ክላስ ትጽፋላችሁ፤ መገጣጠሙን ስፕሪንግ ያደርገዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ለዚህ የግድ ኮንቴይነር፣ ማለትም ኮምፖነንቶችን ፈጥሮ የሚገጣጥም መሣሪያ፣ አያስፈልግም። ሰላሳና አርባ ኮምፖነንት ባለው ፕሮጀክት ሜይን ፋንክሽን ላይ በእጅ እየፈጠሩ ማቀበል በቂ ነው። እንዲያውም ፕሮግራሙ እንዴት እንደተገጣጠመ አንድ ገጽ ላይ ስለሚታይ ለአዲስ ሠራተኛ ይቀላል።

ሁሉንም ነገር ከአንድ ማዕከላዊ መዝገብ ቢወስድስ? ሰርቪስ ሎኬተር ማለቴ ነው።

ከግሎባል ቫሪያብል ይሻላል። ግን ችግሩን አልፈታውም። ኮንስትራክተሩን ስታዩ የምታገኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዝገቡን። ከመዝገቡ ውስጥ ምን እንደሚያወጣ ለማወቅ ኮዱን መስመር በመስመር ማንበብ አለባችሁ። የጎደለ ነገር ካለም ፕሮግራሙ ሲነሳ አይነግራችሁም። ደንበኛው ያንን ገጽ የከፈተ ቀን ነው የሚፈነዳው።

ኢንተርፌስ ምን ያህል ትልቅ ይሁን?

ኢንተርፌስ ኮምፖነንቱ ለሌሎች የሚያቀርባቸው ፋንክሽኖች ዝርዝር ነው፤ በተቻለ መጠን ትንሽ ይሁን። ማይክሮሶፍት በ1993 ያወጣው ኮም የተባለው የኮምፖነንት ሥርዓት የሁሉም ኮምፖነንት መነሻ ያደረገው ኢንተርፌስ ሦስት ፋንክሽን ብቻ ነበረው። አንዱ ሌላ ኢንተርፌስ እንዳለው ይጠይቃል፤ ሁለቱ ተጠቃሚዎቹን ይቆጥራሉ። በዚህ ላይ ትልልቅ ሥርዓቶች ተገነቡ።

የትልቅ ኢንተርፌስ ችግር የሚወድቀው ኢንተርፌሱን በሚተገብረው ሰው ላይ ነው። ሃያ ፋንክሽን ያለው ኢንተርፌስ የምትጠቀሙበት ለሁለቱ ከሆነ፣ ለቴስት የሚሆን ምትክ ለመጻፍ አሥራ ስምንቱን ባዶ መሙላት ሊኖርባችሁ ነው።

አንድ ኮምፖነንት በቅርብ እንይ። የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያሳይ ቀን መምረጫ እንዴት ይነደፋል?

ይህን ጥያቄ ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው። እዚህ አገር ለሚሠራ ሲስተም ሁሉ ያስፈልጋል፤ ሲበላሽም አይተናል።

የተለመደው መንገድ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተሠራ ቀን መምረጫ አውርዶ የወር ስሞቹን በመስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር መተካት ነው። ውስጡ ግን አሥራ ሁለት ሳጥን ነው ያለው። ጳጉሜ ቦታ የላትም። ጳጉሜ ላይ የተወለደ ልጅ ሲመዘገብ የልደት ቀኑ ወይ ነሐሴ 30 ወይ መስከረም 1 ይሆናል። ያ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ፓስፖርት ሲያወጣ፣ ውጭ አገር ሲያመለክት ወረቀቶቹ አይገጥሙም። አንድ ዲቨሎፐር ሳያስበው የጻፈው 12 ቁጥር ነው ይህን ሁሉ ያመጣው።

ሌላው ዲቨሎፐር ይህን ያይና 12ን በ13 ይተካል። ለኢትዮጵያ ተፈታ። ግን ግምቱ አሁንም ኮዱ ውስጥ ተቀብሯል። የጳጉሜን ቀን 5 ብሎ ከጻፈ ደግሞ በዘመነ ሉቃስ ይወድቃል። 2015 ዓ.ም. ላይ ጳጉሜ 6 ቀን ነበራት፤ የ2016 ዓ.ም. አዲስ ዓመትም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ነው የዋለው።

ጥሩው ንድፍ መምረጫው ስለ አቆጣጠር ምንም እንዳያውቅ ማድረግ ነው። አቆጣጠሩ ከውጭ ይሰጠው። መምረጫው እሱን ይጠይቀው፦ በዚህ ዓመት ስንት ወር አለ? በዚህ ወር ስንት ቀን አለ? የወሩ ስም ማን ነው? ወሩ በየትኛው ዕለት ይጀምራል? ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። ይህን የሚመልስ ሁሉ ይገጥመዋል። የሂጅራ አቆጣጠር ወሮቹ 29 ወይም 30 ቀን ናቸው፤ ይሠራል። በዕብራውያን አቆጣጠር አንዳንዱ ዓመት 12 አንዳንዱ 13 ወር አለው። «በዚህ ዓመት» ብለን ስለጠየቅን እሱም ይሠራል። የመምረጫው ኮድ አንዲት ፊደል አይነካም።

የሚያወጣው ዋጋስ? «ጳጉሜ 6 ቀን 2015» የሚል ጽሑፍ እንዳይሆን። ለዕይታ እንጂ ለማስቀመጥ አይሆንም። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ በዓለም አቀፉ አጻጻፍ 2023-09-11 ሆኖ ይውጣ። ዳታቤዙም ሪፖርቱም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። ማሳያው ብቻ ይለያያል።

«ዛሬ» የሚለውን ቁልፍ ብዙ ሰው ይረሳዋል። መምረጫው የስልኩን ሰዓት ከጠየቀ፣ ዋሽንግተን ሆኖ አመሻሹ ላይ የሚሞላ ሰውና አዲስ አበባ ያለ ሰው የተለያየ ዛሬ ያያሉ። አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ተቀይሯል። የትኛው ትክክል እንደሆነ መምረጫው ሊያውቅ አይችልም፤ እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል። ስለዚህ «ዛሬ»ም ከውጭ ይሰጠው።

ቀን መቀየሪያውን ግን ራሳችሁ አትጻፉት። ጃቫ ላይ አይሲዩ እና ጆዳ ታይም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዘዋል። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው ዓለም አቀፍ የቀን አሳዪም «ኢትዮፒክ» የሚል ምርጫ አለው።

ኢንተርፌሱ ከገጠመ በቃ አይደለም እንዴ?

አይበቃም። የ1996ቱ የአሪያን 5 ሮኬት ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ሰኔ 4 ቀን ከፈረንሳይ ጉያና ተነሳች። 40 ሰከንድ ገደማ ስትሆን መንገዷን ስታ ፈነዳች።

አቅጣጫ የሚለካው ሶፍትዌር ከአሪያን 4 የመጣ ነበር። እዚያ በደንብ ሠርቷል። ውስጡ ከአግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘን ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት የሚቀይር መስመር ነበረው። ባለ 16 ቢቱ ከ32,767 በላይ አይዝም። በአሪያን 4 መንገድ ቁጥሩ እዚያ አይደርስም ነበር፤ ስለዚህ መከላከያ አልተደረገለትም። አሪያን 5 ግን አግድም ፍጥነቷ ከፍ ያለ ነበር። ቁጥሩ አለፈ፤ መሣሪያው ቆመ። መጠባበቂያውም ያው ሶፍትዌር ስለነበረው በዚያው ምክንያት ቆመ። በጣም የሚያሳዝነው፣ ያ የስሌት ክፍል ሮኬቷ ከተነሳች በኋላ ምንም ጥቅም አልነበረውም።

ሶፍትዌሩ የሚፈልገው ነገር ነበር፤ ፍጥነቱ ከዚህ እንዳያልፍ። ግን በሩ ላይ አልተጻፈም። የኤፍል ቋንቋ ፈጣሪ በርትራንድ ሜየር ለዓመታት ሲያስተምር የነበረው ኮንትራት ለዚህ ነው። ፋንክሽኑ ከመጠራቱ በፊት ምን እውነት መሆን እንዳለበት፣ ከተጠራ በኋላ ምን እንደሚያረጋግጥ ኮዱ ላይ ይጻፍ። ቋንቋችሁ ኤፍል ባይሆንም አንድ የማረጋገጫ መስመር መጻፍ ማንም አይከለክላችሁም። ዓይነት መፈተሽ ቁጥር መሆኑን ይነግራችኋል፤ ቁጥሩ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ግን ኮንትራቱ ነው የሚናገረው።

የኮምፖነንት የሕይወት ዑደት ሲባል ምን ማለት ነው?

መፈጠር፣ መጀመር፣ ለአፍታ መቆም፣ መዘጋት። ፍሬምዎርኩ በእያንዳንዱ ደረጃ ኮምፖነንቱን ይጠራዋል።

አንድሮይድ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ስልኩ ቁመቱ ወደ ጎን ሲዞር አንድሮይድ አክቲቪቲውን (አንዱን የመተግበሪያ ገጽ የሚይዘውን ኮምፖነንት) ያጠፋውና እንደ አዲስ ይፈጥረዋል። የተለየ ነገር ካላላችሁት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ረጅም ፎርም ይሠራል። ተጠቃሚው ስሙን፣ አድራሻውን፣ የቤት ቁጥሩን ሞልቶ ስልኩን ያዞራል። አክቲቪቲው በራሱ ቫሪያብል ይዞት የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ከፍሬምዎርኩ አንጻር ስህተት አልተፈጠረም፤ ውሉ እንዲህ ነው የሚለው። ግን ውሉ ለብዙዎች ከባድ ነበርና ጉግል በ2017 ቪውሞዴል የሚባለውን አመጣ። ዳታው ከማሳያው ተለይቶ፣ ማሳያው ሲጠፋ የሚቆይ ሆነ።

ከዚህ የምወስደው ምክር አለ። የሕይወት ዑደቱ ደረጃዎች ጥቂት ይሁኑ። የሚከፈት ነገር ሁሉ የሚዘጋበት ቦታ ይኑረው፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፉ። ሪአክት ውስጥ ኢፌክት ሲጽፉ ማጽጃውን እዚያው መመለስ መቻሉ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ሰዓት ቆጣሪውን ያስነሳው መስመርና የሚያቆመው መስመር አይራራቁም።

ውርስ ልጠቀም ወይስ ኮምፖዚሽን?

ኮምፖዚሽን። ውርስ ልጁን ከወላጁ ውስጣዊ አሠራር ጋር ያስረዋል። ወላጁ ክላስ ፍሬምዎርኩ ውስጥ ሲሆን ደግሞ አፕዴት በመጣ ቁጥር የእናንተ ኮድ ሊሰበር ይችላል።

ሪአክት ራሱ በዚህ አልፏል። መጀመሪያ ላይ በኮምፖነንቶች መካከል ኮድ ለመጋራት ሚክሲን፣ ማለትም ወደ ብዙ ኮምፖነንት የሚቀላቀል የፋንክሽኖች ስብስብ፣ ይጠቀሙ ነበር። በ2016 የሪአክት ቡድን ሚክሲንን መጠቀም እንዲቀር መከረ። ምክንያቶቹ ሦስት ነበሩ። የተደበቀ ጥገኝነት፣ የስም ግጭት፣ እያደገ የሚሄድ ውስብስብነት። አንዱ ሚክሲን ሌላው የፈጠረውን ፋንክሽን ይጠራል፤ ኮምፖነንቱን የሚያነብ ሰው ግን ፋንክሽኑ ከየት እንደመጣ አያይም። በየካቲት 2019 ኮድ መጋሪያ የሆኑት ሁክስ የሚባሉ ፋንክሽኖች ሲወጡ ግን እያንዳንዱ ነገር በስሙ ይጠራል፤ የሚመልሰውም ለቫሪያብል ይሰጣል። ከየት እንደመጣ መስመሩ ላይ ይታያል።

ኮንፊገሬሽን ይብዛ ይነስ?

ይነስ። የጃቫ ኢንተርፕራይዝ ቢን ሁለተኛው ትውልድ ላይ አንድ ቢን ለመሥራት ሁለት ኢንተርፌስ፣ አንድ ክላስና የኤክስኤምኤል መግለጫ ያስፈልግ ነበር። አንድ ሠላምታ ለማሳየት አራት ቦታ መጻፍ ማለት ነው። በ2006 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ተራ ክላስና ጥቂት ምልክት አደረገው። ብዙ ሰው ግን በዚያ መካከል ወደ ስፕሪንግ ሄዶ ነበር።

የተለመደው ነገር ምንም ሳይጻፍ ይሥራ። ያልተለመደው ብቻ ይጻፍ።

ፕለጊን የሚቀበል ሲስተም እየሠራሁ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ኢክሊፕስ የሚባለውን የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም አጥኑ። ከ2004ቱ 3.0 ጀምሮ ኦኤስጂአይ በሚባለው የጃቫ ሞጁል ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። ሁለት ነገሩ በተለይ ይማርከኛል።

የመጀመሪያው፣ ፕለጊኑ የሚሰጠውንና የሚፈልገውን በመግለጫ ፋይል ያስታውቃል። ኢክሊፕስ ያንን ፋይል አንብቦ ሜኑውን ይሠራል። ኮዱን ግን ተጠቃሚው ሜኑውን እስኪጫን አይጭነውም። በመቶ የሚቆጠር ፕለጊን ተሰክቶም ፕሮግራሙ የሚነሳው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ይበልጣል። የኢክሊፕስ የጃቫ መጻፊያ ራሱ ፕለጊን ነው። መድረኩን የሠሩት ሰዎች የሚጠቀሙት ለሌላው የከፈቱትን በር ነው። ለራሳችሁ የተለየ የጓሮ በር ካበጃችሁ የፊት ለፊቱ በር መጥበቡን አታውቁትም። ፕለጊን ጻፊው ግን በየቀኑ ይጋጨዋል።

ኢንተርፌሱን መለወጥ አለብኝ። ተጠቃሚዎቼን ሳላስከፋ እንዴት?

ኮም ላይ ሕጉ ጥብቅ ነበር። አንዴ የወጣ ኢንተርፌስ አይነካም። አዲስ ነገር ከፈለጋችሁ በአዲስ መለያ አዲስ ኢንተርፌስ ታወጣላችሁ፤ አሮጌው ይቆያል። ዛሬ በብዛት የምንጠቀመው በሦስት ቁጥር የሚጻፈውን የቨርዥን አሰጣጥ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ሲቀየር የሚሰበር ነገር አለ ማለት ነው፤ ሁለተኛው አዲስ ነገር መጨመሩን፣ ሦስተኛው ባግ መስተካከሉን ይናገራል።

ቁጥሩ ግን መንገዱን አይተካም። በ2014 መጨረሻ አንጉላር 2 ሲታወጅ ከአንጉላር ጄኤስ በምን መንገድ እንደሚሻገሩ ግልጽ አልነበረም። ብዙ ቡድኖች ደንግጠው ወደ ሌላ ሄዱ። መሸጋገሪያው ኋላ ላይ ቢመጣም እምነት አንዴ ከሄደ ቀላል አይደለም።

ሪአክት በ2018 በ16.3 ሦስት የሕይወት ዑደት ፋንክሽኖችን ለማስቀረት ሲወስን ያደረገው ይለያል። ፌስቡክ ራሱ ከ50,000 በላይ የሪአክት ኮምፖነንት ነበረው፤ ስለዚህ የተጠቃሚው ሕመም የራሳቸው ሕመም ነበር። መጀመሪያ «አስተማማኝ አይደለም» የሚል ቅድመ ቅጥያ ያለው ስም ጨመሩ። አሮጌው ስም መሥራቱን ቀጠለ። ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ መጣ። ኮዱን በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያም አብሮ ቀረበ። እንዲህ ሲሆን ሰው በራሱ ጊዜ ይሻገራል።

ትንንሽ ኮምፖነንት ከሌሎች እየወሰዱ መጠቀም ጥሩ ነው?

ሚዛን ይፈልጋል። በመጋቢት 2016 ኤንፒኤም ከሚባለው የጃቫስክሪፕት ጥቅሎች ማከማቻ ላይ 11 መስመር ብቻ ያላት ሌፍት ፓድ የምትባል ጥቅል ተነሳች። ሥራዋ ከጽሑፍ ፊት ባዶ ቦታ መጨመር ነበር። በእሷ ላይ የቆሙ ጥቅሎች ነበሩ፤ በእነዚያ ላይም ሌሎች። ባቤል የሚባለውን የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ጨምሮ በዓለም ዙሪያ ብዙ ፕሮጀክት መገንባት አቃተው። ብዙዎቹ ስሟን እንኳን ሰምተው አያውቁም ነበር።

አሥር ደቂቃ የሚፈጀውን ራሳችሁ ጻፉት። ምስጠራን፣ ቀን መቀየሪያንና የሰዓት ቀጠናን ግን ውሰዱ።

የራሴን ፍሬምዎርክ መቼ ልጀምር?

ሁለት ሦስት እውነተኛ ሥራ ሠርታችሁ፣ ተመሳሳዩን ኮድ ደጋግማችሁ ስታዩት። የድረ ገጽ ፍሬምዎርኩ ሬይልስ የወጣው ቤዝካምፕ ከሚባል የሚሠራ ምርት ውስጥ ነው። ሌላው የድረ ገጽ ፍሬምዎርክ ጃንጎ አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ከአንድ የአካባቢ ጋዜጣ ድረ ገጽ ሥራ ነው የተወለደው፤ የዜና ክፍሉ ቀነ ገደብ ነው የቀረጸው። ሪአክት ፌስቡክ ውስጥ ሠርቶ ካሳየ በኋላ ነው በ2013 ለሕዝብ የተከፈተው። ሥራ ሳይኖር ቀድሞ የሚጻፍ ፍሬምዎርክ በምናብ ላሉ ተጠቃሚዎች ነው የሚጻፈው። እውነተኛው ሰው ሲመጣ የሚፈልገው ሌላ ነገር ይሆናል።

ነገሮችን በኮምፖነንት መከፋፈል ፍጥነት አይቀንስም?

አብዛኛውን ጊዜ የሚታይ ነገር የለም። ቀርፋፋ የሚያደርገው ዳታቤዝና ኔትወርክ ነው። ለክታችሁ ችግሩ እዚያ ከሆነ ብቻ ሁለቱን አዋህዱ።

ነባር ፕሮጀክት አለኝ። ሁሉም ከሁሉም ጋር ተቆላልፏል። ከየት ልጀምር?

እንደ አዲስ እንጻፈው የሚለውን ሐሳብ ለጊዜው ተዉት። ኮዱ ውስጥ ሦስት ነገር ፈልጉ። የአሁኑን ሰዓት የሚጠይቅ መስመር፣ ግሎባል ቫሪያብል የሚያነብ መስመር፣ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ የኮንፊገሬሽን ዋጋ የሚያነሳ መስመር። እያንዳንዱ የተደበቀ ፍላጎት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቀለው ሰዓቱ ነው። በተደጋጋሚ ባግ የሚመጣበትን አንድ ኮምፖነንት ምረጡ። ሰዓቱን በኮንስትራክተር እንዲቀበል አድርጉ። የጠሩት ቦታዎች እንዳይሰበሩ፣ ምንም ካልተሰጠው እውነተኛውን ሰዓት እንዲወስድ ለጊዜው ፍቀዱለት። ከዚያ አንድ ቴስት ጻፉ፤ የዓመቱን የመጨረሻ ቀን ሰጥታችሁ። ሪሊዝ አድርጉት። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ዳታቤዙ ሂዱ። ኮንስትራክተሩ እየረዘመ ሲሄድ አትደንግጡ። ኮምፖነንቱ ድሮም ያን ሁሉ ይፈልግ ነበር፤ አሁን ታየ። ስምንትና ዘጠኝ ከደረሰ ሁለት ሥራ ደርቦ ይዟል ማለት ስለሆነ የሚከፈልበት ቦታ ራሱ ይጠቁማችኋል፤ ሰዓትና ማስቀመጫ የሚጠቀመው ኮድ ወደ አንዱ፣ መልእክት የሚልከው ወደ ሌላው።